አራተኛው ምስጋና

የእማማ አያልነሽ ለቅሶ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለእድሩ ከተመለሰ በኋላ ነው የሀብተሚካኤል የዝንጅብል መጋዘን ኢሜይል መድረስ ያቆመው። ይጻፋል፤ ይላካል፤ ከስክሪኑ ላይ ጥርግ ብሎ ይሄዳል። የሚደርስበት አገር ግን የለም። ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ ተንደርድሮ የሚወርደው ጉም ከተማው ጫፍ ላይ ማን እንደበላው ሳይታወቅ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ደብዳቤውም ከሶዶ ወጥቶ መንገድ ይቀራል።

ጥፋተኛ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀም። የማርያምወርቅ ናት ተባለ።

የማርያምወርቅ የመጋዘኑ የኢሜይል ሰርቨር ጠባቂ ናት። ሶዶ ተወልዳ ሶዶ ያደገች፣ ዝምታ የምታበዛ፣ ስትስቅ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት። አባቷ መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ ደግሞ ኮሌጅ እንደጨረሰች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ትተይብ ነበር። ሀብተሚካኤል እዚያ አግኝቷት ለጽሕፈት ቀጠራት። ቆይቶ አንድ ሰው በሀብተሚካኤል ስም የሐሰት ኢሜይል ጽፎ ደንበኛ አታለለበት። ያን ጊዜ ሰውየው ማለ፤ ደብዳቤዬ ከራሴ በር ነው የሚወጣው አለ። ማሽኑን አስመጣ፤ በድርጅቱ ስም አድራሻ አስመዘገበ፤ ዝንጅብል ከሚከመርበት አዳራሽ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀለት። ማሽኑ ይቀመጥ እንጂ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የማርያምወርቅ ቀስ በቀስ፣ እየተሳሳተች፣ እያለቀሰችም ለመደችው። የዝንጅብሉ ብናኝ ማራገቢያውን ሲያንቀው ከፍታ ትጠርጋለች። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ከጎኑ ትቀመጣለች። ባል አላገባችም፤ ቤት አልሠራችም። በከተማው ውስጥ የኔ ነው የምትለው ነገር ቢኖር በዚያች ክፍል አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ማሽን ነው።

እማማ አያልነሽ የሀብተሚካኤል እናት ነበሩ። እርጅና ቤት አላስቀመጣቸውም። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዝንጅብል ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ጆንያ ላይ ይቀመጡና በቀጭን ድምፃቸው ያንጎራጉራሉ፦

ዝንጅብሌ ደረቀ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣
ደጄን ማን ያንኳኳል፣ በስሜ ተጣርቶ።

ከዚያ በምርኩዛቸው የክፍሏን በር ገፋ ያደርጉና ደብዳቤው ዛሬ ወዴት ሄደ ብለው ይጠይቃሉ። ዱባይ፣ እማማ፣ ትላቸዋለች። "መንገዱ ደህና ነው?" ይላሉ። ደህና ነው ስትላቸው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ይመለሳሉ። ኢሜይል ምን እንደሆነ አያውቁም፤ መንገድ ግን ያውቃሉ። በጉብዝናቸው ከቦምቤ እስከ ሶዶ ዝንጅብል በጀርባቸው ተሸክመው የተመላለሱ ሴት ናቸው።

ሲሞቱ የማርያምወርቅ ለቅሶው እስኪወጣ ከውሃ ቀጂዎቹ ጋር ዋለች። ሳህን አጠበች፤ ጭስ ጠጣች፤ ማልቀሻ ጊዜ እንኳን አላገኘችም።

ለቅሶው ሲያበቃ ምስጋና መላክ ነበረበት። እዚህ አገር የቀበረልህን ሰው ሳታመሰግን መቅረት ጠብ ነው። ሀብተሚካኤል ከእስራኤል ጋር ቁጭ ብሎ ጻፈው። እስራኤል የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ ከሐዋሳ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሰላ ጎልማሳ። ካህናቱ፣ እድሩ፣ ጎረቤቱ፣ ከበዴሳና ከቢጠና ከብት እየነዱ የመጡት ነጋዴዎች፣ ያስታወሷቸው ሁሉ በየስማቸው ተጠሩ። ከላይ የእማማ ፎቶግራፍ ገባ። ለማን ይላክ ሲባል ሀብተሚካኤል ለሁሉም አለ። ሁሉም ማለት ድርጅቱ ከተቋቋመ ጀምሮ አድራሻው የተያዘ ሰው ሁሉ ነው፤ ለቅሶ የደረሰውም፣ አንዴ ዋጋ ጠይቆ የጠፋው ፈረንጅም፣ ሥራውን ለቅቆ አድራሻው የተዘጋበትም።

የማርያምወርቅ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበዛም ወይ ብላ ነበር። ሀብተሚካኤል ዓይኑ እንደቀላ ቀና ብሎ አያት።

"ለእናቴ ምን ይበዛል?"

እሷም ልቧ አልቻለም። ላከችው።

በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ተቆጡ፤ ስማቸው የለም። ከይቅርታ ጋር ስማቸው ተጨምሮ ምስጋናው እንደገና ለሁሉም ተላከ። ደግሞ የበዴሳው አንጁሎ፣ ለለቅሶው በሬ ነድቶ የመጣው ነጋዴ፣ ስሜ የታለ ብሎ ስልክ ደወለ። በሌላ ይቅርታ፣ ከነፎቶግራፉ፣ ሦስተኛው ምስጋና ለሁሉም ሄደ። ሦስቱንም የላከችው የማርያምወርቅ ናት። በሦስቱም ውስጥ የእሷ ስም አልነበረም። ልብ ብላዋለች፤ ግን ምንም አላለችም።

ኢሜይሉ መድረስ ማቆሙ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። እስራኤልም ዝምታዋን ይዞ ሀብተሚካኤል ፊት ቆመ። ስሙ የቀረበት ሰው ሁሉ ጮኋል አለ፤ ዳኛው ጮሁ፣ አንጁሎ ጮኸ። ያልጮኸችው እሷ ብቻ ናት። ያልጮኸ ሰው ደግሞ በሌላ መንገድ ይበቀላል።

"ቁልፉ በእጇ ነው፣ ጋሼ። ቂሟን በምን ትወጣ?"

ይህ ነገር የመጋዘኑን ሰው ጆሮ ቶሎ ያዘ፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን የሚያደርገው ስለመሰላቸው። ለቃሚዎቹ ሴቶች በወላይትኛ ሹክ ተባባሉ። ፈጠነች የምትባለው አለቃቸው፣ ሌላ ቀን እስራኤልን በማይሰማው ቋንቋ እያማች የማርያምወርቅን የምታስቃት ወይዘሮ፣ ያን ቀን ሰላምታዋን በአገጯ ብቻ መለሰች።

ነገሩ የከፋው በዝንጅብሉ ነው። ዱባይ ያለው ገዥ የዓመቱን ዝንጅብል ለመውሰድ ዋጋችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ ብሏል። በዋትሳፕ ቢልኩለት ሳቀባቸው። ከተመዘገበው አድራሻችሁ ካልመጣ አልቀበልም፤ በእናንተ ስም አንዴ ተታልያለሁ አለ። ለዓመታት በበሽታ ሲያልቅ የከረመው የቦምቤ ዝንጅብል ገና አገግሞ፣ ገበሬው ነቅሎ አድርቆ አስረክቦ፣ አዳራሹ እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ዓርብ ካለፈ ገዥው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ሀብተሚካኤል የማርያምወርቅን ጠራትና ሰው እየሰማ ተናገራት። እስከ ዓርብ ደብዳቤው ዱባይ ካልደረሰ ማሽኑ ተነቅሎ ይወጣል፤ ኢሜይሉን እስራኤል እንዳለው ከውጭ ኩባንያ እንከራያለን፤ ክፍሉ ጆንያ ይገባበታል። እሷን ምን እንደሚያደርጋት አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

"በእናቴ ሬሳ ላይ ቂም የያዘ ሰው ቤቴ ውስጥ አይውልም።"

የማርያምወርቅ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

መጀመሪያ ማሽኑ ራሱ ታሞ እንደሆነ ለማየት ለራሷ የስልክ ኢሜይል ጻፈች። አልመጣም። የአክስቷ ልጅ ይስሐቅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይሠራል፤ ለእሱ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ጻፈችለት። ወዲያው ደረሰው። እንግዲህ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ገመዱም ጤነኛ ነው፤ ደብዳቤው ከቤት ይወጣል። የሚመልሱት ትልልቆቹ የውጭ የኢሜይል ቤቶች ናቸው፤ እሷ ስልክ ላይ ያለውም፣ ዱባይ ያለው ገዥ የሚጠቀምበትም። ቀጥላ ከሠራተኞቹ በአንዱ ኮምፒውተር ሌባ ገብቶ ቆሻሻ ማስታወቂያ እየላከበት እንደሆነ ጠረጠረች። የሁሉንም የይለፍ ቃል ቀየረች። እስራኤል ኮምፒውተሩ አልከፍት ሲለው እየበረረ መጣ።

"አሁን ደግሞ እኔን ሌባ አደረግሽኝ?"

ሁሉንም ነው የቀየርኩት ብትለው ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እስቲ የራስሽንም ቀይሪያ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቁልፍ ያዡ ነው አላት። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች። ሌላዋም ተከተለቻት።

ሌባ አልነበረም። ትልልቆቹ ቤቶች ደብዳቤውን ሲመልሱ ምክንያታቸውን በአጭሩ ይጽፋሉ። እሱን ቁጭ ብላ አነበበችው። ከዚህ አድራሻ ሰዎች ያልፈለጉት ደብዳቤ በብዛት መጥቷል፤ አንቀበልም ይላል። በዓለም ላይ የሰርቨሮችን ጠባይ እየተከታተሉ መጥፎ ያሉትን በጥቁር መዝገብ የሚያሰፍሩ አሉ። ትልልቆቹ ቤቶች በር የሚከፍቱት ያን መዝገብ እያዩ ነው። ፈለገችው፤ የመጋዘኑ አድራሻ እዚያ አለ። ያረፈበት ቀን ደግሞ ሁለተኛው ምስጋና የተላከበት ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ለሁሉም፣ ያውም ግማሹ በተዘጋ አድራሻ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ጋር እየደጋገመ የሚልክ ማሽን በእነሱ ዓይን ሌባ ነው። አንዳንዱ ተቀባይም የማያውቃቸውን አሮጊት ፎቶ ሲያይ ቆሻሻ ነው ብሎ ለቤቶቹ ከሷቸዋል። ሦስተኛው ምስጋና፣ የአንጁሎ ስም የተጻፈበት፣ የተመለሰው ተመልሶ፣ የገባውም ማንም ሳያየው ስፓም ከሚባለው የቆሻሻ ሳጥን ወድቋል።

የማርያምወርቅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ሦስቱንም የጫነችው ይህች እጅ ናት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይልክ ልጓም ልታበጅለት ትችል ነበር፤ ሰነፈች፣ ወይም ሐዘኑ አሳነፋት።

ተነሥታ ወደ ሀብተሚካኤል ሄደች። ጥቁር ሸሚዙን እንደለበሰ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። እስራኤል ከጎኑ ቆሟል።

"ምስጋናው ነው፣ ጋሼ" አለችው። "እኔም ስልከው ማሰብ ነበረብኝ። ቆሻሻ ነው ብለውታል።"

የሰውየው ፊት ሲለወጥ አየች፤ የተናገረችውን ብትመልሰው በወደደች ነበር።

"የእናቴን ምስጋና ነው ቆሻሻ ያሉት?"

እነሱ አያውቋቸውም፣ ማሽን ነው የሚቆጥረው፣ ብዛቱን ነው ያየው እያለች ለማስረዳት ሞከረች። አልሰማትም። እስራኤል ቀስ ብሎ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ አየኸው ጋሼ፣ ከእማማ ሌላ የምታላክክበት አጣች አለው። ሀብተሚካኤል ወደ በሩ ጠቆማት። ዓርብ ሩቅ አይደለም አላት፤ የፈለግሽውን አድርጊ፣ የእናቴን ስም ግን ሁለተኛ ከማሽንሽ ጋር አታንሺብኝ።

ከጥቁሩ መዝገብ ለመውጣት ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምን እንደተፈጠረ፣ አሁን እንደቆመ፣ ወደፊትም እንደማይደገም መጻፍ ግድ ነው። ከተደገመ ሰሚ የለም፤ አድራሻው ለረጅም ጊዜ ይዘጋል። የማርያምወርቅ በስሟ ጻፈች። የለቅሶ ምስጋና ነበር፤ ሰው እንዳይቀርብን ብለን ደጋገምነው፤ ሁለተኛ አይደገምም። የተዘጉትን አድራሻዎች ሁሉ አወጣች። ለማሽኑም ጥቂት ጥቂቱን ብቻ እንዲልክ ልጓም አበጀችለት።

ከመዝገቡ ወጡ። ትልልቆቹ ቤቶች ግን ቂመኞች ናቸው። ደብዳቤውን መመለስ ተዉ እንጂ እንግዳ ቤት አላስገቡትም፤ ስፓም ውስጥ ይጥሉታል። ዱባይ ያለው ገዥ ደግሞ ስፓም ውስጥ የተገኘ ዋጋ አላምንም ብሏል። አንድ መንገድ ቀረ። ከእነዚያ ቤቶች ደንበኞች መካከል መጋዘኑን የሚያውቁ ሰዎች ደብዳቤውን ከስፓም አውጥተው መልስ ቢጽፉለት፣ ቤቶቹ ይህ ሰው የሚፈልገው ደብዳቤ ነው ብለው ቀስ በቀስ ይለሰልሳሉ።

ስልኳን አንሥታ መደወል ጀመረች። ያኔ ነው የወረዳው ሁሉ ቁጣ ጆሮዋ ውስጥ የተራገፈው። የደወለችለት ሰው ሁሉ አንዳች ቅሬታ ነበረው። አንዱ ስሜ ከጎረቤቴ በታች ለምን ተጻፈ አለ። የቢጠናው ነጋዴ ከስሜ ላይ አቶ ቀርቷል ብሎ ዘጋባት። እሷ ይቅርታ ትላለች፤ ይቅርታ ብላም እባክዎ ስፓም ውስጥ ይፈልጉት፣ አውጥተው አንድ ቃል ይመልሱልን ትላለች። ምን ልመልስ ሲሏት የፈለጉትን ትላለች።

አንጁሎ ከሁሉም የባሰ ነበር። በዴሳ የከብት ገበያ መሀል ሆኖ ስልኩን አነሣው፤ ከጀርባው በሬ ያገሳል፣ ሞተር ሳይክል ይንጫጫል።

"እህቴ፣ በሬ ሰጠሁ፣ ስም አልሰጡኝም።"

ሰጥተንዎታል፣ ስፓም ውስጥ ነው አለችው። ስፓም ማለት ምንድን ነው አላት። ስልክዎን ይክፈቱ፣ ከታች በኩል ወርዶ የቆሻሻ ሳጥን የሚል አለ፣ እያለች እንደ ዕውር መራችው። የእማማን ፎቶ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያውን፣ የዕድል ሎተሪውን እያለፈ ስሙን ሲያገኘው በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ሲከብድ ተሰማት።

"ስሜን ከቆሻሻ ውስጥ አነሣሁት" አለ። "እግዜር ያሳይሽ።"

መልሱን በኢሜይል ጻፈው። ቤታችሁ ይፍረስ አላለም እንጂ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ብሎታል። የማርያምወርቅ መልእክቱ ሲገባ ከወንበሯ ተነሣች። ስድብም ቢሆን መልስ ነው፤ ማሽን ስድብንና ምርቃትን አይለይም። ከቢጠናም መጣ፣ ከቦምቤም መጣ፤ አቶዬን መልሱ፣ ወግ አታውቁም፣ ገንዘብ ሲበዛ ሰው ይረሳል። የወላይታ ቅሬታ ከየወረዳው እየተነሣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘነበ። በዘነበ ቁጥርም መንገዱ ጥቂት ጥቂት ይጠረግ ጀመር። ኀሙስ ከሰዓት ለራሷ ስልክ የጻፈችው ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሳይገባ ከፊት ለፊቱ ሳጥን ድቅን አለ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ውስጡ ያለው ጽሑፍ "ደረስክ?" የሚል ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የዝንጅብሉን ዋጋ ለዱባዩ ገዥ ላከችው። እስራኤል በር ላይ ተደግፎ ቆሞ፣ ማሽኑን የሚነቅሉት ሰዎች ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፣ ጆንያውን የት እንደምናደርገው ግን አላሰብንበትም እያለ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ያወራ ነበር። ሰዎቹም መጡ፤ መፍቻቸውን ይዘው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሳታዘነብል መልሱ መጣ። ገዥው ደርሶኛል፣ ተስማምቻለሁ፣ ጫኑ ብሏል።

ፈጠነች እልል አለች። ለቃሚዎቹ ተቀበሏት። የዝንጅብሉ አቧራ ከጆንያው ተነሥቶ በበሩ ብርሃን ውስጥ ወርቅ መሰለ። መፍቻ የያዙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሀብተሚካኤል ከቢሮው ወጣ። ጺሙን ከእናቱ ሞት ወዲህ አልነካውም። የማርያምወርቅን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆማትና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት። ሰው በሐዘኑ ጊዜ ብዙ ይሳሳታል አላት። ውሃ ስትቀጂ አይቼሻለሁ፣ ሳህን ስታጥቢ አይቼሻለሁ፣ ስምሽን ግን ረስቻለሁ አላት። አሁን እስራኤል መልካም ሐሳብ አምጥቷል። የእማማ አርባ ደርሷል። ለአርባው ጥሪ ይላካል፣ ከጥሪው ጋር ምስጋናው እንደገና ይወጣል፤ ስሟ ከሁሉም በላይ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ ይጻፋል። ለሁሉም ይላክ፤ አገር ይወቀው።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እስራኤል ወረቀቱን ዘርግቶ በፈገግታ ያዘላት። እሱ ያውቃል። ምን እንደተከሰተ ስታስረዳ ጎኑ ቆሞ ሰምቷል። ይህ ምስጋና ለሁሉም ከወጣ አድራሻው ተመልሶ ጥቁሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ያን ጊዜ የሚያወጣው ይቅርታ የለም፤ ማሽኑ ይነቀላል። እምቢ ካለች ደግሞ በእናት አርባ ላይ እምቢ ያለች ናት። በየትኛውም መንገድ ብትሄድ እሱ እመንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

የማርያምወርቅ ወረቀቱን አየችው። ስሟ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከካህናቱ ቀጥሎ፣ ከፎቶግራፉ ሥር። እማማ ከፎቶው ውስጥ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ያዩዋታል። አንድ ጊዜ እንኳን እንዲህ ተጽፎ ባየሁት ብላ የተመኘችው ስም ነው። ወረቀቱን ግን አልተቀበለችውም።

"ለእኔ ደርሶኛል፣ ጋሼ። አይላክ።"

ሀብተሚካኤል ያልሰማ መሰለ። ለቅርቦቹ በአፍ ይነገር፣ ለሩቆቹ በየቀኑ ለጥቂት ጥቂት ሰው ይሂድ፣ እኔ ራሴ በዴሳም ቦምቤም በሞተር ሄጄ እጠራለሁ፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ግን አይላክ አለች። ሁለተኛ አይደገምም ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ አለች።

"ለማን ነው ቃል የሰጠሽው?" አለ ሀብተሚካኤል። "ለማታውቂው ፈረንጅ? እኔ እጄን ስዘረጋልሽ?"

"ብልከው ደስ ባለኝ፣ ጋሼ። ነገ ግን ገበሬው ዝንጅብሉን ይዞ ሲመጣ ለዱባይ በምን እንጽፋለን?"

እስራኤል ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው። ቂም ነው ያልኳችሁ ይኼን ነው አለ፤ ምስጋና ሲሰጡት የማይቀበል ሰው ሌላ ምን ይባላል። ከለቃሚዎቹ አንዷ በወላይትኛ አንድ ቃል ተናገረች፤ ፈጠነች ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ራሷን ነቀነቀች። የማርያምወርቅ ቃሉን ሰምታዋለች። ልበ ድንጋይ ነው ያለቻት።

ሀብተሚካኤል የተናደደ ሰው አይመስልም ነበር፤ የተናደደ ቢሆን በቀለለ። ማሽንሽን ጠብቂ አላት፤ ሥራሽን አልነካብሽም፣ ዝንጅብሌን አድነሽልኛል።

"የእናቴ አርባ ላይ ግን እግርሽ እንዳይረግጥ።"

ጥሪው በአፍ ሄደ። አንጁሎን ማን እንደጠራው አይታወቅም፤ መጣ ግን፤ ሌላ በሬ ነድቶ መጣ፤ ስሙን ከቆሻሻ አነሣሁት የሚለውን ታሪክ ለድንኳኑ ሁሉ እየነገረ አሳቃቸው።

የማርያምወርቅ ያን ቀን መጋዘኑን ብቻዋን ከፈተች። ለቃሚዎቹ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ከዳሞታ ግርጌ ከሀብተሚካኤል ግቢ የካህናቱ ዜማ በነፋስ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይቀርባል፣ አንዳንዴ ይርቃል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳለች፤ የሚያያት ግን የለም። እማማ ይቀመጡበት የነበረው ጆንያ እዚያው ነው፤ ፈጠነች ማንም እንዳይቀመጥበት የኮባ ቅጠል ጣል አድርጋበታለች።

ዝንጅብሉ የሚጫንበትን ቀን ለዱባዩ ገዥ ጻፈችና ላከችው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ። ደብዳቤው በበሩ ወጣ፤ በዜማው መሀል፣ በድንኳኑ ላይ፣ ስሟን ከማያነሡት ሰዎች ራስ በላይ አለፈ። ጥቂት ጠበቀች። አልተመለሰም።

ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ጆንያውን አየችው።

"ደህና ነው፣ እማማ" አለች። "መንገዱ ደህና ነው።"